በእምነት የተሞላ ሱቅ

የደሴ ሰኞ ገበያ ነጋዴ «ገበያ እንዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ከአባት ከአያት የወረደ ነው። መጀመሪያ በረጅሙ ይተነፍሳል። ዓይኑን ወደ ጣሪያው ይሰቅልና ቀስ አድርጎ ወደ መሬት ያወርደዋል። ከዚያ «ኧረ ተወኝ፣ ሞቷል» ይላል። ይህን የሚለው ደንበኛ ተጋፍቶ በሩን ዘግቶበት ሳለ ሊሆን ይችላል። ውሸት ነው የሚለው ግን የለም፤ እንደ በር መቀርቀሪያ ያለ ነገር ነው። ቡዳን፣ ብድር ፈላጊ ዘመድንና ግብር ገማችን በአንድ ጊዜ ከደጅ ያስቀራል።

ደምለው ይህን መቀርቀሪያ በገዛ እጁ ነቅሎ የጣለ ሰው ነው።

ደምለው የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ሳፋ፣ ጀሪካን፣ ድስት፣ ፔርሙስ ይሸጣል። በጦርነቱ ጊዜ ሸሽቶ ሲመለስ ሱቁ ተዘርፎ የጠበቀው የተገነጠለ በር፣ ባዶ መደርደሪያና እጀታ የሌለው አንድ ማንቆርቆሪያ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ እየተበደረ ጥቂት ዕቃ አስገባ። ይሁንና ያ ባዶ መደርደሪያ ከዓይኑ አልጠፋ አለ፤ ሌሊት በሕልሙ ይመጣበታል፣ ቀን ደግሞ በአካል ከፊቱ ይቆማል። የሐዋርያ አግማስ ስብከት ያገኘው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ሐዋርያ አግማስ የሚያስተምሩት ኮምቦልቻ ነው። ቀድሞ የጨው መጋዘን የነበረ ቤት ተከራይተው «የሙላት አዳራሽ» ብለውታል። ትምህርታቸው አጭርና ለመያዝ የሚቀል ነው። ድህነት መንፈስ ነው፤ የሚገባውም በአፍ ነው። «የለኝም» ያለ ሰው በሩን በርግዶ ከፈተለት። «አለኝ» ያለ ሰው ግን፣ ባይኖረውም እንኳ፣ ሰማይ በቃሉ ተይዞ ያመጣለታል። በአዳራሹ መግቢያ ላይ የመኪና ቁልፍ ማንጠልጠያ ይሸጣል፤ ማንጠልጠያውን በእምነት የገዛ ሰው መኪናው ይከተለዋል ተብሏል። እስካሁን መኪና የተከተላቸው ሰው አንድ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ማንጠልጠያውን የሚሸጡት ሐዋርያው ናቸው። ደምለውም አንድ ገዝቶ መኪናው እስኪመጣ ድረስ የሽንት ቤቱን ቁልፍ አንጠልጥሎበታል።

ሚስቱ ሥርጉት የገብርኤል ምእመን ናት፤ ከደብሯ የሚነቅላት የለም። ማንጠልጠያውን ያየች ዕለት እንዲህ አለችው።

«ጌታ እኮ በበረት ነው የተወለደው። ያንተ ሐዋርያ ቢሆኑ ኖሮ ‹ይህ ክፍል አይመጥነኝም› ብለው ተመልሰው ይሄዱ ነበር።»

«አፍሽን ጠብቂ ሥርጉት። ቃል ይሠራል።»

«ቃል ከሠራ አንተ ምን ልትሠራ ነው?»

ሐዋርያው ለነጋዴዎች የተለየ ትእዛዝ ነበራቸው። ነጋዴ የሆነ የአዳራሹ ልጅ «የለም» የምትለውን ቃል ከአፉ ነቅሎ ይጥላታል፤ መደርደሪያውንም በእምነት ይሞላል። ደምለው ትእዛዝ አክባሪ ነው። ከጅምላ ሻጮች ጓሮ ባዶ የፔርሙስና የድስት ካርቶን ለቅሞ፣ አፋቸውን በፕላስተር አሽጎ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ደረደራቸው። ከመንገድ ለሚያየው ሱቁ ሊፈነዳ የደረሰ ይመስላል። ደምለው ራሱ ጠዋት በሩን ሲከፍት ለቅጽበት ያምን ነበር።

ችግሩ ደንበኛ ነው። አንድ ቀን ከደሴ ዙሪያ መጥታ ጎመን ሸጣ የምትመለስ ሴት ገባች።

«ወንድሜ፣ ፔርሙስ አለ?»

«አለ!»

«እስቲ አንዱን አውርድልኝ።»

ደምለው የካርቶኑን ቁልል ቀና ብሎ አየ። «እሱ እንኳ… ዕቃው በመንገድ ላይ ነው።»

«መቼ ይደርሳል?»

«በጌታ ሰዓት።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፋች። «የጌታ ሰዓት ከመጨረሻው ሚኒባስ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች። ከጎን ሱቅ ሆነው ይህን ሁሉ የሚሰሙት ሀጂ ሀፊዝ ጨርቃቸውን እያጠፉ ብቅ አሉ። ሀጂ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ቅድመ አያታቸው ከየመን ጨርቅ ተሸክመው መጥተው ደሴ የቀሩ ናቸው። ደምለውን ከልጅነቱ ያውቁታል።

«ደምለው፣ ኸይር ነው? ገበያ እንዴት ነው?»

«ሞልቷል ሀጂ! ተትረፍርፏል!»

ሀጂ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ገልመጥ አሉ። «ቀስ በል አንተ ልጅ! ሰው ይሰማሃል።»

«ይስማ! እምነት ነው ሀጂ።»

«እምነትማ ደግ ነገር። እምነት ግን ልብ ውስጥ ነው የሚቀመጥ። አልሐምዱሊላህ በል። በእናንተም ከሆነ ተመስገን በል። እዚያ ውስጥ ያለኝም የሌለኝም አለበት፤ ለይቶ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ገማች ኮሚቴ አያውቅም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

«ሀጂ፣ ይኼ የደሃ አነጋገር ነው።»

«ታዲያ እኔ ደሃ ነኝ እንዴ?» አሉ ሀጂ ተቆጥተው። ወዲያው ያሉትን ሰሙና እንደገና ግራ ቀኙን አዩ። «ማለቴ… ደሃ ነኝ። ሞቷል እኮ ገበያው።»

ግብር ገማቹ ኮሚቴ የሚመጣበት ቀን ሰኞ ገበያ ለቅሶ ቤት ይመስላል። የጨርቅ ጣቃው ሁሉ ከዋዜማው ጀምሮ ዘመድ ጋ ይሰደዳል። መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚነሰንስም አለ። ሀጂ ሀፊዝ ለዚህ ቀን ብቻ የምትወጣ ክርኗ የተቀደደ ኮት አለቻቸው፤ ቀዳዳዋ እንዳይሰፋ እንዳይጠብም ከዓመት ዓመት በናፍታሊን ታሽጋ ነው የምትቀመጠው። እሷን ለብሰው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ደጃፋቸው ላይ እንደታመመ ሰው ተቀመጡ።

ደምለው ደግሞ የሠርጉን ሱፍ ለብሶ ወጣ።

የኮሚቴዋ ሰብሳቢ ፈትሂያ ትባላለች፤ ፊቷ የማይጨማደድ፣ የማይስቅም ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ ስትሰማ የዋለችው ልቅሶ ጆሮዋን አደንዝዟታል። ደምለው ሱቅ ስትገባ ግን ነቃ አለች።

«ገበያ እንዴት ነው?»

«የተባረከ ነው እኅቴ! ይፈሳል!»

አብሯት የነበረው ጸሐፊ እስክሪብቶው ከእጁ ሊወድቅ ነበር። በሙያው እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ አያውቅም።

«የቀን ሽያጭህ በግምት?»

«ቁጥር አይወስነውም።»

«እኛን ግን ይወስነናል» አለች ፈትሂያ፤ ጣቷን ወደ ቁልሉ ዘረጋች። «ይኼ ካርቶን ሁሉ ዕቃ ነው?»

ከበሩ ውጪ ሀጂ ሀፊዝ ሕመማቸውን ረስተው ተነሡ፤ በሁለት እጃቸው «ተው፣ ተው» እያሉ ያወናጭፋሉ። ደምለው አያቸው። «ባዶ ነው» ማለት ይቻላል፤ አንድ ትንፋሽ የማይሞላ ቃል ነው። ነገር ግን የሐዋርያው ጣት ዓይኑ ላይ መጣበት፤ የሐዋርያው ጣት ቀለበቱ ብዙ ነው።

«ሙሉ ነው። በእምነት» አለ።

ጸሐፊው «ሙሉ ነው» የምትለውን ጻፈ። «በእምነት» የምትለዋ የምትሰፍርበት ቦታ ስላልነበራት ተዋት።

ከሳምንታት በኋላ የግምቱ ወረቀት መጣ። ደምለው በዓመት ይሸጣል ተብሎ የተጻፈው፣ ሱቁን ከነጎረቤቱ ቢሸጠው አያመጣውም። ግብሩን ካልከፈለ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ ሱቁም ይታሸጋል። ቅሬታ ማቅረቢያው ቀን አጭር ነው። የቅሬታውም ቃል አጭር ነው፤ «የለኝም» ማለት ብቻ ነው።

ሥርጉት ወረቀቱን አንብባ አጥፋ መለሰችለት። «እንኳን ደስ አለህ። አለኝ አልክ፤ አምጣ አሉህ።»

ደምለው በመጀመሪያው እሑድ ኮምቦልቻ ወረደ። በልቡ ሐዋርያው አዝነው «ልጄ፣ ለዚህስ ‹የለኝም› በል» ብለው ይፈቱኛል የሚል ተስፋ ነበረው። ሐዋርያ አግማስ በነጭ ጫማቸው መድረኩ ላይ ቆመው ወረቀቱን ተቀበሉ፤ አነበቡት፤ ደገሙት። ፊታቸው በራ።

«ሃሌሉያ!» አሉ በድምፅ ማጉያው። «ወገኖች፣ ትንቢት ከመድረክ ብቻ ይመጣል ያላችሁ ማነው? ዛሬ ከገቢ ቢሮ መጥቷል! ማኅተም ያለው ትንቢት አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዲት ሴት ራስ ምታቷ እንዲለቃት ግንባሯን አሸችበት። በስልክ የሚቀርጹ ወጣቶች ደምለውን ከበቡት። ሐዋርያው ማይክሮፎኑን አፉ ላይ ደቀኑበት፦ «ወንድማችን፣ ሱቅህ እንዴት ነው በል?»

«ሙሉ ነው» አለ ደምለው፤ እንባው መጣ። ሕዝቡ የደስታ መሰለው። «ሐዋርያ፣ እኔ ግን ቅሬታ ላቀርብ…»

ማይክሮፎኑ ከአፉ ሸሸ። «ቅሬታ? ቅሬታ ማጉረምረም ነው! እስራኤል ለምን አርባ ዓመት በበረሃ ተንከራተተ? ቅሬታ አቅርቦ ነው!»

ከመድረክ ሲወርድ አቤ የሚባለው የአዳራሹ አስተናጋጅ ክንዱን በፍቅር ያዘው።

«ወንድም ደምለው፣ አሥራቱንስ መቼ እንጠብቅ?»

«የምኑን?»

አቤ ወረቀቱን በአገጩ አመለከተ። «የዚህን።»

«ይኼ እኮ ግምት ነው፤ ገንዘቡ ገና አልመጣም።»

«መንግሥት አምኖበት ግብር ሊሰበስብበት ነው። ዓለማዊ መንግሥት ያመነውን አንተ ማመን አቃተህ?»

ደምለው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። የለኝም ማለት ደግሞ ክልክል ነው።

ወደ ደሴ ሲመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ ጭጋግ ወርዶ ሚኒባሱ እየተንፏቀቀ ነው የወጣው። ደምለው መስኮቱን ተደግፎ ነገሩን እንደ ሒሳብ ከፋፍሎ አየው። የገቢ ቢሮው ከሌለው ነገር ላይ ሊወስድ ነው። አዳራሹም ከዚያው ከሌለው ነገር ላይ ሊወስድ ነው። ከሁለቱ አንደኛው ቢያንስ ቅሬታ ይሰማል። ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ፤ ከዓመት ወዲህ ያሰባት የመጀመሪያዋ የራሱ ሐሳብ እሷ ነበረች።

በማግሥቱ ከሥርጉት ጋር ፈትሂያ ቢሮ ሄዱ። ፈትሂያ አዳመጠችው፤ ማለት አስም እንደያዘው ሰው «እ… እ…» እያለ ሲታገል አየችው። ከዚያ ስልኳን አወጣች። በስልኩ ውስጥ ደምለው እንባው እየወረደ «ሙሉ ነው» ይላል፤ ሕዝብ ያጨበጭባል።

«ይኼ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«‹ሱቄ ሙሉ ነው› ትላለህ።»

«በመንፈስ ነው።»

«እንግዲያ ግብሩንም በመንፈስ ይክፈላ» አለ ጸሐፊው ከማዕዘኑ።

ፈትሂያ አልሳቀችም። «በአፍህ ተናግረህ ነው የገመትንህ። በአፍህ ታፈርሰዋለህ። ነገ ሱቅህ እንመጣለን፤ ጎረቤት ምስክር ባለበት ያለህንና የሌለህን ትናገራለህ። ካልሆነ ግምቱ ይጸናል።»

ወሬ እግር አለውና በማግሥቱ ገበያው በሙሉ ደምለው ደጃፍ ላይ ተገኘ። ሀጂ ሀፊዝ ኮታቸውን ለብሰው መጡ፤ ፈትሂያ ባለችበት ሁሉ ያቺ ኮት ትለበሳለች። ፈትሂያ ከቁልሉ ሥር ቆመች።

«በል። ምን አለህ፣ ምን የለህም?»

ደምለው አፉን ከፈተ። ዓመት ሙሉ ያላወጣት ቃል ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰነቀረች። የከበቡትን ሰዎች አየ፤ ሁሉም የዚህ ገበያ ሀብታም እሱ እንደሆነ ሲያወራ የሰሙት ናቸው። አሁን የሚያፈርሰው ግምቱን ብቻ አይደለም። ያን ባዶ መደርደሪያ መልሶ ሊያቆመው ነው።

«በል እንጂ!» አለች ሥርጉት።

«አብሽር የኔ ልጅ፣ በል» አሉ ሀጂ።

ቃሉ እምቢ ሲለው ደምለው እጁን ሰደደ። ከታች ያለውን አንዱን ካርቶን ይዞ ሳበው።

ቁልሉ ለቅጽበት አሰበበት። ከዚያ ከጣሪያው ጀምሮ ተናደ። ሰዉ ጮኾ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ፈትሂያ ሳትሸሽ ካርቶኑ ሁሉ በላይዋ ወረደ። ጩኸቱ ሲበርድ ግን የተሰበረ ነገር፣ የተፈነከተ ሰው አልነበረም። ፈትሂያ ወገቧ ድረስ በካርቶን ተውጣ እንደቆመች ናት፤ የሻሿ ጫፍ እንኳ ከቦታው አልተነቃነቀም። አንድ የፔርሙስ ካርቶን ራሷ ላይ እንደ ቆብ ተቀምጧል።

«አልሐምዱሊላህ፣ ባዶ ነው!» ብለው ጮኹ ሀጂ ሀፊዝ። «ሙሉ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የመንግሥት ሰው ቀብረን ነበር!»

ደምለው ካርቶኑ መሐል ቆሞ ተነፈሰ። «የለም» አለ። ድምፁ ከሩቅ የመጣ ይመስል ነበር። ጣዕሟን ሊያረጋግጥ ደገማት። «የለም! ፔርሙስ የለም!»

«የለም!» አለ ከኋላ የቆመ አንድ ተሸካሚ።

«ድስት የለም!»

«የለም!» አለ ሕዝቡ፤ እንደ መዝሙር ተቀባይ።

«መኪና የለም! ሳፋ ግን አለ፤ ጀሪካንም ጥቂት አለ!»

ፈትሂያ ከራሷ ላይ ካርቶኑን አንሥታ ውስጡን አየች፤ ለጸሐፊው ሰጠችው። «ጻፍ፤ ባዶ።» ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ሀጂ ሀፊዝ ዞረች። «ሀጂ፣ ባለፈው ጓዳዎ ውስጥ ‹ባዶ ነው› ያሉኝን የታሰረ ጆንያስ እግረ መንገዴን ልየው?»

ሀጂ ጉልበታቸውን ያዙ። «ልጄ፣ ሶላት ደርሶብኛል» አሉና ሄዱ። አዛኑ ሊሰማ ገና ብዙ ጊዜ ነበር።

ግምቱ ተቀነሰ፤ እየተማረሩ ሊከፍሉት የሚችሉት፣ የሰው ግብር ሆነ። ሱቁ አልታሸገም። ወሬው ኮምቦልቻ ለመድረስ አልዘገየም። አቤ ደወለ።

«ወንድም ደምለው፣ ተአምር ሰማን! ሐዋርያው ስለ አንተ ጾመው ነበር። እንግዲህ ከተቀነሰልህ ላይ አሥራቱን…»

«ከተቀነሰልኝ?»

«ሳትከፍል የቀረኸው ገንዘብ አይደል? ያ ማለት በረከት ነው።»

«የለም» አለ ደምለው።

«ምኑ?»

«ምኑም» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ማንጠልጠያውን ከሽንት ቤቱ ቁልፍ ፈትቶ የሳፋ ማሰሪያ አደረገው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ያች የደሴ ዙሪያ ሴት በበሩ ስታልፍ አንገቷን አሰገገች።

«ያ የጌታ ሰዓት ደረሰ ወንድሜ? ፔርሙስ አለ?»

«የለም!» አለ ደምለው ፊቱ እየበራ። «ሁለት ሱቅ እለፊ፤ እዚያ አይጠፋም።»

ሴትዮዋ ቆም ብላ አየችው። «የለም ሲል እንዲህ ደስ የሚለው ነጋዴ አላጋጠመኝም። ሳፋስ?»

«ሳፋ አለ።»

«የለምን ካወቅክ፣ አለ ስትልም አምንሃለሁ። ትልቁን አውርድልኝ።»

ሳፋውን ተሸክማ ስትወጣ ሀጂ ሀፊዝ ከጎን ሆነው ተጣሩ። «ደምለው፣ ገበያ እንዴት ነው?»

ደምለው በረጅሙ ተነፈሰ። ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ፤ ቀስ አድርጎ ወደ መሬት አወረደ። «ኧረ ይተዉኝ ሀጂ፣ ሞቷል።»

«ማሻአላህ!» አሉ ሀጂ።

«ከሞተማ» አለች ሥርጉት ከጓዳ በኩል፣ «ግምቱ ከተቀነሰልን ብዬ ለገብርኤል የተሳልኩትን ጥላ በምን ልትገዛው ነው? ባለወርቅ ዘርፉን ነው ያልኩት።»

ደምለው ወደ ሀጂ ሱቅ ዞሮ ምክር ጠበቀ። ሀጂ ጨርቃቸውን ማጠፍ ይዘዋል፤ ቀና አላሉም። ለገማች ኮሚቴ የሚሆነውን መልስ አስተምረውታል፤ ለሚስትና ለገብርኤል የሚሆነውን ግን እሳቸውም አያውቁትም።